ለጋሼ ጉልበት የተዘረጋው ቧንቧ

በዚያ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ቧንቧ ሠራተኛውን በስሙ የሚጠራው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ ጎሚቶ ይለዋል። ጎሚቶ ቧንቧ ጥግ ሲደርስ የሚታጠፍበት ክርን ነው፤ ስሙን ያወጡለትም ቧንቧ የማያሳልፍበት ቦታ ስለሌለ ነው። ግድግዳ ቢገጥመው በጎን፣ ማሽን ቢገተርበት በሥር፣ ዞር ጠምዘዝ አድርጎ ያደርሰዋል። ሌላም ምክንያት ነበረው፣ ፊት ለፊት አይሉትም እንጂ። ሰውየው ራሱ ቀጥ ብሎ መናገር አይሆንለትም። እምቢ ማለት አይችልም፤ ይሄ ነገር ልክ አይደለም ማለት አይችልም። ሰው ቅር የሚለው ከመሰለው ቃሉን እያጠፈ እያዞረ ምን ሊል እንደፈለገ እስኪጠፋ ድረስ ይወስደዋል። ይሉኝታ ይዞት ነው እንላለን፣ እንደ ደግ ነገር። እስቲ ደግነቱን እንየው።

እናታቸው ስትሞት ጎሚቶ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ያሳደገችው እህቱ ናት፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠዋለች፣ እትዬ ነው የሚላት። ስታገባም ጥላው አልሄደችም፣ እጁን ይዛ ነው ባሏ ቤት የገባችው። ባልየው በዚያው ፋብሪካ የቦይለር ጠባቂ ነበር። አንድም ቀን ፊቱን አላጠቆረበትም፤ ከሳህኑ አጉርሶ፣ ከደመወዙ ደብተር ገዝቶ አሳደገው። ልጁ ትምህርቱ አልገፋለት ሲል ፋብሪካ ወስዶ አስቀጠረው፣ ቧንቧ ጫፍ ላይ የመጋጠሚያ ጥርስ ማውጣትን መጀመሪያ ያሳየውም እሱ ነው። ጎሚቶ ጋሼ ይለዋል። አባቱን ስለማያውቀው፣ አባት የሚባል ነገር ምን እንደሚመስል ቢጠይቁት የሚያሳየው ጋሼን ነበር።

ቦይለሩ ቁመቱ ሁለት ሰው የሚያህል የብረት በርሜል ነው። ከሥር እሳት፣ ከውስጥ ውሃ፣ ከላይ እንፋሎት። እንፋሎቱ ማቅለሚያ ክፍል ይሄድና የቀለም ገንዳዎቹን ያፈላል። አናቱ ላይ ሴፍቲ ቫልቭ የሚሉት ተቀምጧል፤ ግፊቱ አሥር ባር ሲደርስ ራሱ ተከፍቶ ትርፉን እንፋሎት የሚተፋ። እሱ ካልሠራ በርሜሉ ቦምብ ነው። ስለዚህ ጋሼ በየሰኞው አሥራ አንድ እርከን የብረት መሰላል ወጥቶ የቫልቩን እጀታ ይስባል፣ እንፋሎቱ እየጮኸ መውጣቱን ያያል፣ ወርዶ መዝገብ ላይ ይፈርማል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ አደረገ።

ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። ሐኪሙ አልቋል አለ፣ እንደ ጎማ። መጀመሪያ ጥርሱን ነክሶ ወጣ። አንድ ሰኞ ግን ሰባተኛው እርከን ላይ ደርሶ መውጣትም መውረድም አቃተው፤ ሦስት ሰው ተሸክሞ አወረደው። የጥገና ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ወንበሩ ላይ ነገር እንዳይመጣበት የሚፈልግ ሰው ነበር። መሰላል የማይወጣ ቦይለር አይጠብቅም፣ ከዓመቱ እድሳት በኋላ ያለ ጊዜው ጡረታ ይውጣ አለ። ሦስት ልጆች ገና ትምህርት ቤት ናቸው። ጋሼ ቤቱ ገብቶ ምንም አልተናገረም፤ እትዬ ናት ወንድሟን ደጅ ላይ ጠብቃ የነገረችው። ባሏ አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጦ ግድግዳ እንደሚያይ ነገረችው።

ጎሚቶ መጀመሪያ ያደረገው ትክክለኛውን ነገር ነው፣ ይህንን ልንክደው አይገባም። ሥራ አስኪያጁ ጋ ገብቶ ለቦይለሩ ሰፊ ደረጃ ከነመደገፊያው ይሠራለት ብሎ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ ደረጃው እዚያ ከቆመ የቀለም በርሜሎቹ በየት ያልፋሉ አለው። ጎሚቶ እሺ ብሎ ወጣ። እሺ ማለት መቼም ይችልበታል።

ከዚያ በሚያውቀው መንገድ ሄደ። በዓመቱ እድሳት ቦይለሩ ሲቀዘቅዝ፣ አናቱ ላይ በአንድ ስንዝር አንገት የተቀመጠውን ቫልቭ ፈታው። በቦታው ቧንቧ ገጠመና ወደ ጎን ወሰደው፣ አጠፈው፣ ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ታች አወረደው፣ ደግሞ አጠፈው። አራት ሜትር ቧንቧ፣ ሦስት ጎሚቶ። መጋዘን ውስጥ በልኩ የሚሆን ቧንቧ ስላልነበረ አንድ ቁጥር የቀጠነ ነው የገጠመው። ቫልቩን ጫፉ ላይ አስቀመጠው፣ ከጋሼ ወንበር ሁለት እርምጃ፣ ደረት ልክ። የሚተፋውን እንፋሎት በግድግዳ አሾልኮ ወደ ውጭ አወጣለት።

ሰኞ ደረሰ። ጋሼ ከወንበሩ ተነሣ፣ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ እጀታውን ሳበ። ቫልቩ ጮኸ። የማቅለሚያ ክፍል ሰዎች በሩ ላይ ቆመው አጨበጨቡ፣ የጥገና ኃላፊውም ይህን የመሰለ ጭንቅላት እያለን ከውጭ ባለሙያ እንጠራለን ብሎ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ጋሼ መዝገቡ ላይ ፈርሞ ሲጨርስ የጎሚቶን ትከሻ ያዘና "በእግሬ እንድቆም አደረግኸኝ" አለው። ጎሚቶ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

ስድስት ዓመት እንዲሁ ሄደ። በነዚያ ዓመታት ቫልቩ ራሱ የተከፈተው ሁለት ጊዜ ነው። ያኔ ድምፁ ሌላ ነበር። እንደ ድሮው አንድ ረጅም ጩኸት አልጮኸም፤ ታታታታ እያለ ተንቀጠቀጠ፣ ቧንቧውም አብሮት ተንቀጠቀጠ። ጋሼ እጀታውን ስቦ ሲይዘው ዝም አለ። ሠራተኛው ሳቀ፤ በርዶት ነው፣ ጥርሱን እያፋጨ ነው፣ ብርድ ልብስ አልብሱት ተባለ። ጎሚቶም ሳቀ። ሲስቅ ግን ቫልቩ አናት ላይ ሳለ እንዲህ አድርጎ እንደማያውቅ ትዝ አለው። ማንንም አልጠየቀም።

በሰባተኛው ዓመት መጀመሪያ ፋብሪካው አንዲት ኢንጂነር ቀጠረ። ወጣት ናት፣ ወሬ አታበዛም። ቦይለር ክፍል ገብታ በሜትር ቧንቧውን ለካች፣ ጎሚቶዎቹን ቆጠረች፣ ጋሼን በአክብሮት ሰላም ብላ ወጣች። በሁለተኛው ቀን ጎሚቶ የሚሠራበት ጋራዥ ድረስ መጥታ አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ቫልቩ ጤነኛ ነው" አለችው። "የታመመው መንገዱ ነው።"

አስረዳችው። ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ ቧንቧው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ስለዚህ ቦይለሩ ውስጥ ያለው ግፊትና ጫፉ ላይ ያለው አንድ ነው። የሰኞው ፍተሻም ምንም አያሳይም፣ ቫልቩን ከፍቶ የሚይዘው የሰው እጅ ነውና። ችግሩ ራሱ ሲከፈት ነው። ያኔ እንፋሎቱ ይሮጣል፤ የቧንቧውን ግድግዳ እየታከከ፣ በየጎሚቶው እየተላተመ፣ ጉልበቱን መንገድ ላይ ይጨርሳል። ከቦይለሩ አሥር ሆኖ የወጣው ቫልቩ ጋ ስምንት ተኩል ሆኖ ይደርሳል። ቫልቩ የሚያውቀው ደጁ የደረሰውን ብቻ ነው፤ ግፊቱ ወርዷል ብሎ ይዘጋል። ሲዘጋ ሩጫው ይቆምና ግፊቱ እንደገና አሥር ይሆናል፤ ይከፈታል። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ። ደንቡ መንገድ ላይ የሚጠፋው ከመቶ ሦስት እጅ አይለፍ ይላል፤ የሱ አሥራ አምስት ነው። እንዲህ የሚቀጠቀጥ ቫልቭ ወይ ራሱን ይሰብራል ወይ ቧንቧውን፣ ቦይለሩንም አያስተነፍስም። ወደ አናቱ፣ ወደ ስንዝር አንገቱ መመለስ አለበት።

ወፍራም ቧንቧ ቢሆንስ ብሎ ጠየቃት። የቦይለሩ አፍ ራሱ ጠባብ ስለሆነ ማጠር እንጂ መወፈር ብቻውን እንደማይበቃ ነገረችው።

ክፉው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ጎሚቶ በአንዴ ገባው። ባይገባው ኖሮ ምስኪን እንለው ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ውሃና እንፋሎት ሲያስኬድ የኖረ ሰው፣ ጎሚቶ በበዛ ቁጥር ጫፍ ላይ የሚደርሰው እንደሚደክም ከሷ በፊት እጁ ያውቀው ነበር። እየሳቀ ያለፈው ነገር ስም አገኘ። እሷ ስትናገር እሱ ግን ሌላ ሒሳብ ይዞ ነበር። ቫልቩ ወደ ላይ ከተመለሰ መሰላሉ ተመለሰ። መሰላሉ ከተመለሰ ጋሼ የለም። ለሙሉ ጡረታው የቀረው ሰባት ወር ነው። ስድስት ዓመት የቆመ ቧንቧ ሰባት ወር ቢጨምር ምን ይሆናል አለ በልቡ።

ኢንጂነሯ ለጥገና ኃላፊው ደብዳቤ ጻፈች። ኃላፊው ጎሚቶን ጠራውና በሩን ዘግቶ ደብዳቤውን ፊቱ ዘረጋ። "ልጅቷ የምትለው እውነት ነው?" አለው።

ያን ጊዜ አዎ ማለት ነበር። አንድ ቃል ናት። ጎሚቶ ጫማውን አየ፣ መስኮቱን አየ።

"የመጽሐፍ ነገር ነው" አለ። "በየሳምንቱ ይፈተሻል። ስድስት ዓመት አላስቸገረም።"

ኃላፊው የሚፈልገው ይህንኑ ስለነበር ፊቱ በራ። ደብዳቤው ጥግ ላይ በሚቀጥለው እድሳት ይታይ ብሎ ጻፈበት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጎሚቶ ቢፈልግም ቃሉን የሚያጥፍበት ቦታ አልነበረም። ኢንጂነሯ ሰምታ መጣች። አልጮኸችበትም። "እርስዎ ገብቶዎት ነበር እኮ" ብቻ ነው ያለችው።

ለጋሼስ አልነገረውም? አልነገረውም። ስንት ጊዜ ሊነግረው ተነሣ። እራት የሚበላው እነሱ ጋ ነው፤ አንድ ምሽት እትዬ ጓዳ ገብታ ሁለቱ ብቻ ቀርተው ጋሼ ብሎ ጀመረ፣ ጋሼም ቀና ብሎ ወዬ አለው። ጎሚቶ የትንሿ ልጅ ፈተና መቼ ነው ብሎ ጠየቀው። ቢነግረው ምን እንደሚል ያውቃል፤ በኔ ጉልበት የሰው ነፍስ አይያዝም፣ ፍታው፣ እኔ ቤቴ እገባለሁ ይላል። ከዚያ ያቺ ወንበርና ያ ግድግዳ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን እናድጋለን፣ ስንደብቅ ደግሞ ለሰው ብለን ነው እንላለን። እሱም እንዲያ አለ። በቀን ሦስት ጊዜ ቦይለር ክፍል እየገባ ብሎኖቹን ያጠብቅ ጀመር። ቧንቧውን በእጁ ይዳስሳል። ጋሼ ይህ ልጅ ቧንቧውን አፈቀረው እንዴ ብሎ ይቀልድበት ነበር። እንቅልፉ ጠፋ፣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ።

አምስት ወር አለፈ። ሁለት ቀረ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ማቅለሚያ ክፍል መብራት ጠፋና ገንዳዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንፋሎት መውሰድ አቆሙ። ቦይለሩ እሳቱን ራሱ ማጥፋት ነበረበት፣ ማጥፊያው ግን ተጣበቀ። ጎሚቶ ጋራዡ ውስጥ ቧንቧ ላይ ጥርስ እያወጣ ሳለ ድምፁን ሰማ። ታታታታ። ይቆማል ብሎ ጠበቀ። አልቆመም። የያዘውን ጥሎ ሮጠ። ግቢው መቶ ሃያ እርምጃ ነው፤ በዚያች ሩጫ ውስጥ የሰባት ዓመቱ ነገር ሁሉ ፊቱ ላይ መጣ።

በሩ ላይ ሲደርስ ጋሼን አየው። ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ እሳቱን በእጁ አጥፍቶታል፣ ክፍሉን ለቅቆ መውጣት ይችል ነበር። የግፊት መለኪያው መርፌ ግን ገና አልወረደም፣ ቫልቩም ይቀጠቀጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ጓንቱን አጥልቆ እጀታውን ሊይዝለት ሁለቱን እርምጃ ሄደ። ጎሚቶ ተወው ብሎ ጮኸ። በዚያ ጩኸት ውስጥ ጋሼ የሰማው የታወቀ ድምፅ እንደጠራው ብቻ ነው። ዞር አለ፣ ጎሚቶን አየው፣ አይዞህ እንደማለት ግራ እጁን ከፍ አደረገ። በቀኙ እጀታውን ያዘ። ቧንቧው ሁለተኛው ጎሚቶ ላይ ተሰበረ። ክፍሉ በሙሉ ነጭ ሆነ፣ ጎሚቶ የሚያየው ነገር አልነበረም።

ጋሼ ሆስፒታል ሦስት ቀን ቆየ። ፊቱ ተሸፍኖ ስለነበር መናገር አልቻለም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞተ።

አጣሪዎች መጡ። ጎሚቶ ምንም አልደበቃቸውም፤ ያለውን፣ ያላለውን፣ የገባውን ሁሉ ነገራቸው። ለአንዴ እንኳ ቀጥ ብሎ ተናገረ፣ ጊዜው ካለፈ። እነሱም ቧንቧው ከደንብ ውጭ ነበር ብለው ጻፉ፣ የጥገና ኃላፊው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ፣ ለጎሚቶ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠው። እሱ እስር ቤት ይጠብቅ ነበር። ቢያስሩት ደስ ባለው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፋብሪካው ለቦይለሩ ሰፊ ደረጃ ከነመደገፊያው አሠራ። የቀለም በርሜሎቹ በየት እንደሚያልፉ የጠየቀ የለም፤ በሌላው በር ያልፋሉ። ቫልቩን ወደ አናቱ እንዲመልስ የታዘዘው ጎሚቶ ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

እትዬ ይህን ሁሉ አታውቅም። ቧንቧ ፈነዳ ነው የተባለችው፤ የማን ቧንቧ፣ እንዴት፣ ማንም ደፍሮ አልነገራትም፣ ለጎሚቶ ብለው። ለሚጠይቃት ሰው ሁሉ ወንድሟን ትመርቃለች። ወንድሜ ባይኖር ባሌ ከስድስት ዓመት በፊት ሬሳ ሆኖ ቤት ይውል ነበር ትላለች። ጎሚቶ አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማል። የሚበላውን አቅርባለት ብላ ትለዋለች፣ ከስተሃል፣ እሱ ቢያይህ ይቆጣ ነበር ትለዋለች። ሁለት ወር ይህን ሰማ። ከዚያ በላይ መስማት አልቻለም።

አንድ እሑድ ጠዋት ልጆቹ ሳይኖሩ ሄደ። እትዬ ጠረጴዛው ላይ የባሏን የሥራ ልብሶች ዘርግታ የሚሰጠውንና የሚቀረውን ትለይ ነበር። ተቀመጠ። እትዬ፣ የምነግርሽ አለ ብሎ ጀመረ። እሷም እኔም አለኝ አለችው፣ እጇ ልብሱ ላይ እንዳለ።

"እሱ አትንገሪው ብሎኝ ነበር" አለች። "አሁን ምን አለ ብዬ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የፋብሪካው ዋና በር ላይ ተቆጣጣሪ ሁን ብለውት ነበር። ደመወዙ ያው ነው፣ ተቀምጦ ነው ሥራው። እምቢ አላቸው። ኧረ ጉልበትህ፣ ኧረ ሙቀቱ፣ ሂድ ብዬ ስንቴ ለመንኩት። 'ወንድምሽ ያን ያህል ደክሞልኝ፣ ቧንቧውን ጥዬ በር ላይ ብቀመጥ ምን ይለኛል? ቅር ይለዋል' ይለኝ ነበር። እንዲህ ነበር የሚወድህ። እወቀው ብዬ ነው።"

ጎሚቶ እጇ ሥር ያለውን ልብስ አየ። ከዚያ ነገራት። የኢንጂነሯን ደብዳቤ ነገራት፣ ኃላፊው ፊት ያለውን ነገራት፣ ጋሼን ስንት ጊዜ ሊነግረው ተነሥቶ ስንት ጊዜ እንደተወው ነገራት። ለምን እንደተወውም ነገራት። ምንም አላጠፈም። እሷ ልብስ መለየቷን አቁማ አዳመጠችው፤ አላለቀሰችም፣ አላቋረጠችውም።

"እያወቅህ ስንት ወር ቆየህ?" አለችው ሲጨርስ።

"አምስት።"

"በሩን ለሌላ ሰው አልሰጡትም ነበር" አለች። "በየወሩ ይጠይቁት ነበር። አንድ ቃል ብትነግረው በማግስቱ ይሄድ ነበር።"

ሸሚዙን አንሥታ አጠፈችው። ሌላውን አነሣች። ጎሚቶ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ውጣ ብትለው ይወጣ ነበር፣ ብትሰድበውም ይሰማ ነበር፣ ብላ ብትለውም ይበላ ነበር። ልብሱን አጥፋ ጨርሳ ጠረጴዛውን በጨርቅ ጠረገችና ወደ ጓዳ ገባች። ጎሚቶ ልጆቹ እስኪመጡ ድረስ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ እሷ ከጓዳ አልወጣችም።